የአጎትህ የሰርግ ቪዲዮ ማሽን ውስጥ አሚጋ አለ፤ ለጊዜው ግን ሶኬት ላይ እንዳትሰካው

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «አጎቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሰርግና የክርስትና ቪዲዮ ይሠሩ ነበር። አሁን ጠቅልለው አገር ቤት ገብተዋል። ቤዝመንታቸውን ሳጸዳ አሚጋ 2000 የሚል ትልቅ ክሬም ቀለም ያለው ሳጥን አገኘሁ። ከኋላው ብዙ ክብ ክብ የቪዲዮ መሰኪያ አለው፣ ቪዲዮ ቶስተር የሚል ስቲከርም ተለጥፎበታል። ከሱ ጋር ኪቦርድ፣ ማውስና አንድ ከባድ የሶኒ ፒ ቪ ኤም ሞኒተር አለ። ይሄንን የድሮ የቤት ኮምፒውተር ማድረግ ይቻላል? ልጆቼን የድሮ ጌም ላጫውትበት ነው። ካልሆነ ለወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ልላክለት?»

ወንድሜ፣ ይቻላል። እንደውም ብዙም የምትቀይረው ነገር የለም። ያ ሳጥን ከመጀመሪያውም ኮምፒውተር ነው፤ ኮሞዶር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው። ቪዲዮ ቶስተር የሚባለው ውስጡ የተሰካ አንድ ረጅም ካርድ ነው። ካርዱን የሠራው ቶፒካ፣ ካንሳስ የነበረው ኒውቴክ ነው፣ ገበያ ላይ የወጣውም በ1990 መጨረሻ። ከካሜራ ወይም ከቪሲአር 4 ምስል ይቀበላል፣ ያቀያይራል፣ ያደባልቃል፣ ስም ይጽፋል። ያ በድሮ የሰርግ ቪዲዮ ላይ የምታውቀው፣ ሙሽሮቹ ድንገት ተገልብጠው፣ ተሽከርክረው የሚጠፉበት ነገር? ብዙ ጊዜ የዚህ ዓይነት ማሽን ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ይሄን የሚሠራ የስቱዲዮ ዕቃ በብዙ አሥር ሺዎች ዶላር ነበር የሚሸጠው፣ ስለዚህ ቶስተር ሲመጣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሰርግ የሚያቀናብር ሰው ሁሉ እፎይ አለ።

ስለዚህ ያንተ ሥራ ቪዲዮውን ከኮምፒውተሩ ላይ ማውረድና ኮምፒውተሩን ከሞት ማዳን ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀድማል። እስከዛው ሶኬት ላይ አትሰካው። «እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልየው» የሚለው ነገር ነው እነዚህን ማሽኖች የሚገድላቸው። የድሮ የስቱዲዮ ዕቃ መጠገን እንጀራዬ ስለሆነ ይሄንን አረፍተ ነገር በየጊዜው እሰማለሁ፣ ብዙውን ጊዜ በኃላፊ ጊዜ ተነግሮ።

ምክንያቱ ባትሪው ነው። የአሚጋ 2000 ዋና ቦርድ ላይ ሰዓትና ቀን የሚይዝ 3.6 ቮልት የሆነ በርሜል የሚመስል ትንሽ ባትሪ በስታኞ ተበይዷል። ኒኬል ካድሚየም ነው። ዕድሜው ካለፈ ቆየ፣ እናም ያፈሳል። የተቀመጠው ደግሞ የትም አይደለም፣ ልክ ከዋናው ፕሮሰሰር፣ ከሞቶሮላ 68000 ጎን ነው። ፈሳሹ ቦርዱ ላይ ይሳባል፣ የመዳብ መስመሮቹን ይበላል፣ የፕሮሰሰሩ ሶኬት ውስጥ ይገባል፣ የማፍጠኛ ካርድ የሚሰካበትን ረጅም ስሎት ጥርሶች ያዝጋል። ቤዝመንት ደግሞ እርጥበት አለው።

ክዳኑን የያዙትን ብሎኖች ፍታና ክፈት። ባትሪው ካልታየህ ካርዶቹንና የፍሎፒ መያዣውን አውጣ፤ ከማውጣትህ በፊት ግን በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ የትኛው ገመድ ከየት እንደመጣ በኋላ ማንም አያስታውስም። አሁን በባትሪ መብራት ጠጋ ብለህ እይ። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ማፍሰስ ጀምሯል ማለት ነው። ዙሪያው ያሉት የስታኞ ነጥቦች ብርማ ሆነው እንደማብረቅ ደብዝዘው ግራጫ ከሆኑ ደርሶባቸዋል። ከቦርዱ አረንጓዴ ቀለም በታች ያለው መስመር ጠቁሮ ወይም ሰማያዊ የመሰለ አረንጓዴ ሆኖ ካየኸው መዳቡ እየተበላ ነው።

ባትሪው ቢያፈስም ባያፈስም ይውጣ። በእግሮቹ በኩል በመቁረጫ ቁረጠው፤ አትጎትተው፣ ከጎተትከው መስመሩን ይዞት ይመጣል። ፈሳሹ አልካላይ ስለሆነ አሲድ ነው የሚገድለው፤ ቤትህ ያለው ነጭ አቼቶ ይበቃል። በጥርስ ብሩሽ ቀብተህ ቀስ እያልክ እሸው፣ ትንሽ አረፋ ሊያወጣ ይችላል፣ አትደንግጥ። ከዚያ በተጣራ ውኃ እጠበው፣ በመጨረሻ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል አፍስስበትና በደንብ እስኪደርቅ ተወው። እዚህ ጋ የሚቸኩል ሰው አልወድም። ፕሮሰሰሩ ሶኬት ውስጥ ፈሳሽ ገብቶ ከሆነ ቺፑን ቀስ ብለህ በሁለቱም ጫፍ እያነሳህ አውጣው፣ ሶኬቱን እየው፤ ጥርሶቹ አረንጓዴ ከሆኑ ሶኬቱ መቀየር አለበት፣ እሱ ደግሞ ስታኞ የለመደ እጅ ይፈልጋል። አንተ ካልሆንክ ሰው ፈልግ። ቦርድ ላይ ስታኞ መለማመድ ካሰብክ በሌላ ቦርድ ተለማመድ።

በባትሪው ፋንታ ምንም ባታደርግ ማሽኑ ይሠራል፣ ሰዓቱን ብቻ ይረሳል። ክብ የሳንቲም ባትሪ ላድርግ ካልክ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) አስገባበት፣ ምክንያቱም ቦርዱ የድሮውን ባትሪ ቻርጅ ያደርግ ነበር፣ የሳንቲም ባትሪ ደግሞ ቻርጅ አይደረግም። እኔ ባዶውን ብትተወው እመርጣለሁ።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልንገርህ። ያገኘኸው 4000 ሳይሆን 2000 በመሆኑ ዕድለኛ ነህ። 4000 በ1992 የወጣው አዲሱ ነው፣ ቶስተር 4000 የሚባለውም ካርድ ለሱ ነበር፣ ግን ቦርዱ ላይ የተለጠፉት ትንንሾቹ ካፓሲተሮች እንደ ባትሪው ያፈሳሉ። ያንተ 2000 ላይ ያሉት ካፓሲተሮች እግራቸው ቦርዱን ዘልቆ የሚገባ የድሮ ዓይነት ስለሆኑ በአብዛኛው ደህና ናቸው።

አሁን ወደ መብራቱ። ሁሉንም ካርድ አውጣ። ሁሉንም ስልህ ቶስተሩንም፣ የዲስክ ካርዱንም፣ ሌላውንም። በዚህ አጋጣሚ ግርጌ ያሉት ጥቁር ስሎቶች ላይ አንድ ሁለት ረጃጅም ካርዶች ተሰክተው ልታገኝ ትችላለህ፣ ቲ ቢ ሲ የሚባሉ። የቪሲአር ምስል ስለሚንቀጠቀጥ ቶስተሩ ቀጥታ አይቀበለውም ነበር፣ እነዚህ ናቸው ምስሉን የሚያረጋጉት። ብዙዎቹ ከኮምፒውተሩ የሚወስዱት መብራት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ብታወጣቸው አሚጋው ምንም አይለው። እንደውም ሙቀትም ጭነትም ይቀንሳል።

ባዶውን ቦርድ አብራና በቴስተር 5 ቮልቱን ለካ። ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው ውስጥ ከሆነ ጥሩ። ከዚያ በላይ ከሆነ ወዲያው አጥፋ፣ ፓወር ሰፕላዩ ይጠገን ወይም ይቀየር። በዘመናዊ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ መቀየር ይቻላል፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው። የድሮው ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው መብራት ላይ 60 ጊዜ በሰከንድ የሚመታ ምልክት ለቦርዱ ይልካል፣ አሚጋው በዚያ ነው ጊዜ የሚቆጥረው። አዲሱ ይሄ የለውም። ቦርዱ ላይ ምልክቱን ከስክሪኑ እንዲወስድ የሚያደርግ ጃምፐር (ሁለት ፒን የምታገናኝ ትንሽ መሰኪያ) አለ፤ እሱን ካላዞርክ ማሽኑ ይነሳና ጊዜ ጠብቀው የሚሠሩ ፕሮግራሞች ዝም ብለው ይቆማሉ። ሰው ይሄን ሳያውቅ «ቦርዱ ተበላሽቷል» ብሎ ይሸጣል፣ እኔም እገዛለሁ።

ለመጀመሪያው ሙከራ ልዩ ኬብል አያስፈልግህም። ከኋላ የአር ሲ ኤ ቪዲዮ መውጫ አለው። ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ለሙከራ ግን በቂ ነው። ወደ ፒ ቪ ኤሙ የቪዲዮ መግቢያ ስካው፣ መሰኪያው ክብ ቢ ኤን ሲ ከሆነ መቀየሪያዋ ርካሽ ናት። አብራ። ዲስክ የያዘ እጅ ከመጣልህ እልል በል፣ ኪክስታርት 1.3 ነው፤ ኪክስታርት ሮም በሚባል ቺፕ ላይ የተቀመጠው የማሽኑ ማስነሻ ፕሮግራም ነው። ዲስክ ወደ ፍሎፒ ሲገባ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከሆነ 2 እና ከዚያ በላይ ነው። ስክሪኑ አንድ ቀለም ሆኖ ከቀረ ደግሞ ማሽኑ ራሱ እየነገረህ ነው፦ ቀይ የሮም ችግር፣ አረንጓዴ የቺፕ ራም፣ ሰማያዊ የልዩዎቹ ቺፖች፣ ቢጫ ፕሮሰሰሩ ያልጠበቀው ነገር ገጥሞት ነው። ቀለሙን ለማየት ግን ጥቁርና ነጭ አይበቃም፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው በየራሱ ሽቦ ወደሚሄድበት ወደ አር ጂ ቢ ግባ።

ፒ ቪ ኤሙን ሊወስድልህ የሚመጣ ሰው ካለ አትስጥ። ይሄን ከልቤ ነው የምልህ። አሚጋ የሚያወጣው 15 ኪሎኸርዝ የሆነ ምስል ነው፣ ዛሬ ያሉት የኮምፒውተር ሞኒተሮች አብዛኛዎቹ ከ31 በታች አይቀበሉም። ፒ ቪ ኤም ደግሞ የተሠራው ለ15 ነው። ጀርባውን እይ፣ አር፣ ጂ፣ ቢ እና የውጭ ሲንክ (ምስሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ምልክት) የሚሉ መግቢያዎች ካሉት ከዚህ የተሻለ የአሚጋ ሞኒተር አትገዛም። ኬብሉን ማሠራት ትችላለህ። የአሚጋው ባለ 23 ፒን መሰኪያ ላይ ቀይ 3፣ አረንጓዴ 4፣ ሰማያዊ 5፣ የተደባለቀው ሲንክ 10 ላይ ነው፤ ከ16 እስከ 20 ግራውንድ። ሲንኩ ላይ 470 ኦም ሬዚስተር አስገባ፣ ምክንያቱም አሚጋው የሚልከው ሞኒተሩ ከሚጠብቀው በላይ ይጮኻል። ፒን 22 ላይ 12 ቮልት፣ 23 ላይ 5 ቮልት ስላለ እነሱን ጭራሽ አትንካ። ሞኒተሩን ደግሞ ተሰክቶም ይሁን ተነቅሎ አትክፈተው። ቱቦው ውስጥ የሚቀመጠው ከፍተኛ ቮልቴጅ ቀልድ አያውቅም።

ሳሎን ውስጥ ያን የሚያህል ሳጥን አልፈልግም ካልክ አር ጂ ቢ ቱ ኤችዲኤምአይ የሚባል ትንሽ ቦርድ አለ፣ ራስቤሪ ፓይ ዜሮ ላይ የሚሠራ። ዴኒዝ ከሚባለው የምስል ቺፕ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ቺፑ ከሱ ላይ ይቀመጣል፣ ምስሉ በኤችዲኤምአይ ይወጣል። ጥርት ያለ ነው። እኔ ግን የድሮ ጌም በድሮ ቱቦ ነው የማየው፤ ጌሙን የሠሩት ሰዎችም የሣሉት ለሱ ነበር።

ዲስኩ። እዚህ ቀስ በል። የቶስተር ማሽኖች በአብዛኛው ስካዚ የሚባል የዲስክ ማገናኛ ካርድና ሃርድ ዲስክ አላቸው። ጂ ቪ ፒ የሚል ካርድ ካየህ አትገረም፣ የተለመደ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ራም ተሸክሟል። በዚያ ዘመን የነበሩ የኳንተም ዲስኮች ውስጣቸው ያለችው ትንሽ ላስቲክ እንደ ማስቲካ ትለሰልሳለች፣ የሚያነበው ክንድ ይጣበቃል። ስለዚህ አንዴ ከተነሳልህ ያንን ጊዜ ለመገልበጥ ተጠቀምበት፣ ጌም ለማየት አታባክነው። በዲስክ ፋንታ የሚሰኩ፣ ኤስዲ ካርድ የሚወስዱ ቦርዶች አሉ፣ ብሉስካዚና ዙሉስካዚ ዓይነቶቹ። አንዳንዶቹ የአሮጌውን ዲስክ ይዘት ራሳቸው ወደ ኤስዲ ካርዱ የሚገለብጡበት ሞድ አላቸው። ገልብጥ፣ ከዚያ አሮጌውን ነቅለህ አስቀምጥ፣ ማሽኑ ከኤስዲ ካርዱ ይነሳ። ፀጥታውንም ትወደዋለህ።

ለምን ይሄን ያህል ስለ ዲስኩ እጨነቃለሁ? ቶስተሩ የራሱ የጽሑፍ ማውጫ ነበረው፣ ግን የአማርኛ ፊደል ይዞ አልመጣም። አጎትህ የሙሽሮቹን ስም በአማርኛ ጽፈው ከሆነ በሥዕል ፕሮግራም አንድ በአንድ ሥለው እንደ ሥዕል አስቀምጠውት ነው የሚሆነው። ይሄ ማለት ዲስኩ ላይ ሙሉ የፊደል ገበታ፣ ነጥብ በነጥብ በእጅ የተሣለ፣ ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል። አይ ኤፍ ኤፍ የሚባል ፎርማት ላይ ከሆኑ ዛሬም ላፕቶፕህ ላይ ኤክስ ኤን ቪው በሚባል የሥዕል መክፈቻ ፕሮግራም ትከፍታቸዋለህ። ፍሬምስቶር የሚባሉት ግን የቶስተሩ የራሱ ዓይነት ናቸው፣ እነሱን ለማየት ካርዱ ራሱ ይቀልላል። አጎትህን በዋትስአፕ ደውለህ ጠይቃቸው፦ የት ፎልደር ውስጥ እንዳስቀመጡ እሳቸው ያውቃሉ። ፍሎፒዎቹንም አትጣል። የተለመደ የፒሲ ፍሎፒ አንባቢ የአሚጋን 880 ኪሎባይት ዲስክ አያነብም፣ ግሪስዊዝል የሚባል ትንሽ ቦርድ ግን ያነበዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጨዋታ ነው። ማፍጠኛ ካርድ ካለው፣ ለምሳሌ ባለ 68030 ፕሮሰሰር፣ ቶስተር ቤቶች ሥዕልና ሦስት አቅጣጫ አኒሜሽን ቶሎ እንዲያልቅላቸው ስለሚገዙት የተለመደ ነው፣ ሎተሪ ወጥቶልሃል። መደበኛው 68000 የሚሮጠው በ7 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። አንዳንድ የድሮ ጌም ማሽኑ ሲፈጥን ግራ ይገባዋል፣ ለዚህ መፍትሔው ደብሊው ኤች ዲ ሎድ ነው፦ ጌሙን ከዲስክ ላይ ያስነሳልሃል፣ ፍጥነቱን ያስተካክላል፣ ፍሎፒ መቀያየር ይቀራል። ራም ግን ይፈልጋል። የጂ ቪ ፒ ካርዱ ላይ ጥቂት ሜጋባይት ካለ ለብዙው ይበቃሃል።

ሌላው የአሜሪካና የአውሮፓ ጣጣ ነው። ያንተ ማሽን የሚሠራው በአሜሪካው የቲቪ ደረጃ፣ በኤን ቲ ኤስ ሲ ነው፣ ከጥሩዎቹ ጌሞች ብዙዎቹ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ለፓል፣ ለዚያው ለአውሮፓው ደረጃ ነው የተሠሩት፣ ፓል ስክሪን ቁመቱ 256 መስመር ነው፣ የኤን ቲ ኤስ ሲ 200። በኤን ቲ ኤስ ሲ ስታጫውታቸው የታችኛው ክፍል ይቆረጣል፣ ነጥብህና ነፍስህ የሚጻፍበት ቦታ ይሄዳል። ቦርዱ ላይ ያለው አግነስ የሚባለው ቺፕ 8372ኤ ከሆነና ኪክስታርቱ 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ስታበራ ሁለቱንም የማውስ ቁልፍ ተጭነህ ያዝ፣ ሜኑ ይመጣል፣ ከዚያ ፓል ትመርጣለህ። ፒ ቪ ኤሙ ሁለቱንም ይቀበላል። ኪክስታርትህ 1.3 ከሆነ አዲስ ሮም መግዛት ነው፤ 3.2 በ2021 የወጣ ሕጋዊና አዲስ ሮም ነው። የድሮውን ሮም ግን አስቀምጥ፣ ቶስተሩን መልሰህ ስትሞክር ሊፈለግ ይችላል።

ኪቦርዱን ጠብቀው። የመሰኪያው ቅርጽ ከድሮ ፒሲ ኪቦርድ ጋር አንድ ነው፣ ግን የፒሲ ኪቦርድ አይሠራበትም፣ ያንተው ከጠፋ ሌላ ማግኘት ገንዘብ ነው። ለልጆቹም ቀድመህ ንገራቸው፦ ማሽኑ በርቶ እያለ ጆይስቲክ መንቀል መሰካት የለም። የሚቃጠለው ቺፕ 8520 ይባላል፣ ልጅ ደግሞ ይሄን ስም አይሰማም፣ ስለዚህ «አጥፍተህ ንቀል» ብቻ በላቸው።

ቶስተሩን ምን ላድርገው ትላለህ መሰለኝ። አውጥተህ በፀረ ስታቲክ ላስቲክ ጠቅልለህ እዚያው ሳጥኑ ጋ አስቀምጥ። ለጌም አይጠቅምህም፣ የቪዲዮ ስሎቱንም ይይዛል። ብትሸጠው የሚገዛ ታገኛለህ፣ ግን ከነአሚጋው፣ ከነሶፍትዌሩና ከነኬብሉ አብሮ ያለ ቶስተር ሌላ ነገር ነው፣ ለየብቻ ከተበተነ መልሶ አይሰበሰብም። እኔ ብሆን አልሸጥም።

አዲስ አበባ መላኩን ተወው። ቶስተሩ የሚያውቀው ኤን ቲ ኤስ ሲ ብቻ ነው፣ የፓል ቶስተር ወጥቶ አያውቅም፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ፓል ናት፤ አገር ቤት ካለ የድሮ ካሜራና ዴክ ጋር አይግባቡም። ፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልት እይ፣ 110 ብቻ ከሆነ እዚያ በትራንስፎርመር ነው፣ መብራቱ እየሄደ እየመጣ ሲመታው ደግሞ አስበው። ፒ ቪ ኤሙን በካርጎ መላክ ማለት የመስታወት ክምር መላክ ነው። ለወንድምህ ልጅ ላፕቶፑ ላይ ዊን ዩ ኤ ኢ ጫንለት፣ ነፃ ነው፣ አሚጋን ከነጉድፉ ያስመስላል። ከአጎትህ ዲስክ የገለበጥከውንም ፋይል እዚያ ላይ መክፈት ይችላል፣ ማን ያውቃል፣ የራሱ ወላጆች ሰርግ ርዕስ ይገኝበት ይሆናል።

አሁን ክዳኑን ክፈትና ሦስት ፎቶ ላክልኝ፦ አንዱ ባትሪውን ጠጋ ብሎ፣ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጎን ረጅሙ ስሎት ላይ የተሰካ ካርድ ካለ እሱን፣ አንዱ ቦርዱ ላይ የታተመውን የሬቪዥን ቁጥር። ከዚያ አቼቶው ይበቃሃል ወይስ ሶኬት መቀየር አለበት የሚለውን እነግርሃለሁ።